በብድር ኪራይ ቤት ለሚሠራ ሰው፦ የመጠባበቂያ ገንዘብ አያያዝ በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ላይ ቤት የሚያከራይ ሰው ዓመቱ የሚከብደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ተማሪው ክፍሉን ለቆ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይፈትናል፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የግብር ጉዳይ ይመጣል፤ የልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባም ከኋላው ይከተላል። ባንኩ ግን ክረምትና በጋ ሳይለይ የወሩን ክፍያ ይጠብቃል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በብድር ቤት ገዝተው ለሚያከራዩ፣ እንዲሁም በቤት ማኅበር ባገኙት ቦታ ላይ የጀመሩትን ግንባታ በብድር ለሚጨርሱ ሰዎች ነው። የመመሪያው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መጠባበቂያው ከቤቱ በፊት ይቀመጣል፤ መጠኑም የሚለካው በአማካይ ወር ሳይሆን በከፋው ክረምት ነው።

1. ዓመቱን በወረቀት ላይ ያውጡ

አንድ ደብተር ወስደው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን ወራት በየመስመሩ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ወር ፊት የሚገባውን ኪራይ፣ የሚወጣውን የብድር ክፍያና በዚያ ወር ብቻ የሚመጣውን ወጪ ያስፍሩ። ኪራዩን ሲጽፉ ተከራዩ ማን እንደሚሆን በሐቀኝነት ያስቡ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢዎች አካባቢ ያለ አንድ ክፍል ቤት አብዛኛውን ጊዜ የተማሪ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ሊሆን ይችላል። በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል አቅራቢያ የሚከራይ የጤና ባለሙያ ግን ክረምቱን ይሰነብታል። በቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለ ነጋዴ የሚፈተነው በገበያው መቀዝቀዝ እንጂ በወራት መለዋወጥ አይደለም። በሐይቁ ዳር ሆቴሎች የሚሠራ ሰው ደግሞ ኑሮው የተያያዘው ከእንግዳ መምጣትና መቅረት ጋር ነው።

ስለ ጳጉሜንም አንድ ነገር ልጨምር። በልማዳችን ተከራይ ለጳጉሜን ኪራይ አይከፍልም። ባንክ ግን ወለድ የሚያሰላው በቀን ስለሆነ እነዚያን ቀናት አይዘላቸውም።

ክረምት ላይ ትምህርታቸውን ለማሻሻል ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚመጡ መምህራን አሉ። የተማሪ ክፍል ያለው ሰው ለእነርሱ በማከራየት የሁለቱን ወር ክፍተት ማጥበብ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ለእንዲህ ያለ አጭር ውል የሚፈቀደውን ከከተማው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

2. የሚታወቀውን ወጪ ከመጠባበቂያው ያውጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግብር፣ የሊዝ ዓመታዊ ክፍያ፣ ባንኩ በመያዣነት ለያዘው ቤት የሚያስገባው የእሳት መድን፣ እነዚህ ድንገተኛ ወጪዎች አይደሉም። መቼ እንደሚመጡ ይታወቃል፤ መጠናቸውም በግምት ይታወቃል። ስለዚህ የዓመቱን ድምር ለ12 አካፍለው በየወሩ ወደ ሌላ ሒሳብ ያስገቡት። መጠባበቂያ ማለት ቀኑ የማይታወቅ ችግር የሚጠበቅበት ገንዘብ ነው። ግብር ሲደርስ መጠባበቂያውን የሚነካ ሰው ሐምሌ ላይ ጣሪያው ሲያፈስ እጁ ባዶ ይሆናል።

ግብሩን ሲገምቱ የቆየ መረጃ አይጠቀሙ። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ በዚያው ዓመት የንብረት ታክስ አዋጅም ጸድቋል። ጎረቤት አምና የከፈለው ለእርስዎ ዘንድሮ መለኪያ ላይሆን ይችላል። ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደው የቤትዎን ዓይነትና የኪራዩን መጠን በመንገር የሚደርስብዎትን አስልተው ይያዙ።

3. መጠኑን ያስሉ

በተለምዶ «የስድስት ወር ክፍያ ይበቃል» ይባላል። መነሻ ለማድረግ መጥፎ አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሒሳብ አለው። የሚከተለውን ምሳሌ ይመልከቱ፤ ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው።

ባልና ሚስት መምህራን በማኅበር ባገኙት ቦታ ላይ ቤታቸውን ለመጨረስና ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ለመጨመር 1,200,000 ብር ተበደሩ እንበል። ወለዱ 18 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ 15 ዓመት ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው 19,300 ብር ያህል ይመጣል። ዋናውን ቤት በ14,000፣ ሰርቪሶቹን እያንዳንዳቸውን በ3,500 ቢያከራዩ ጠቅላላ ኪራዩ 24,500 ብር ነው። ለጋራ መብራት፣ ለውሃ፣ ለጽዳትና ለትናንሽ ጥገና በወር 1,200 ብር፤ ለግብር፣ ለሊዝና ለመድን የሚቀመጠው በወር 4,000 ብር ይሁን። ከ24,500 ብር ላይ የባንኩን ክፍያና እነዚህን ሁለቱን ሲቀንሱ ምንም አይተርፍም።

ይህን ቁጥር ረጋ ብለው ይመልከቱት። ሁሉም ክፍል ተከራይቶ፣ ሁሉም ተከራይ በቀኑ ከፍሎ፣ ምንም ነገር ሳይሰበር ትርፉ ዜሮ ነው። አሁን ባለው የወለድ መጠን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ኪራዩ እየገባ መጠባበቂያው ይጠራቀማል» የሚለው ሐሳብ አይሠራም። መጠባበቂያው ወይ ከብድሩ በፊት መዘጋጀት አለበት፣ ወይ ከደመወዝ መምጣት አለበት።

አሁን የከፋውን ክረምት እናስላ። ሦስቱ ሰርቪሶች ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ቢሆኑ 21,000 ብር ሳይገባ ይቀራል። የዋናው ቤት ተከራይ ሰኔ መጨረሻ ላይ ቢለቅና ሌላ ሰው የሚገባው ጥቅምት ላይ ቢሆን የሦስት ወር 42,000 ብር ሳይገባ ይቀራል። በዚያው ክረምት የጣሪያ ጥገና 70,000 ብር ቢጠይቅ፣ ባንኩም ወለዱን ወደ 20 በመቶ ቢያደርሰው ወርሃዊ ክፍያው በ1,800 ብር ገደማ ስለሚጨምር በዓመት 21,600 ብር ይሆናል። የሁሉም ድምር 154,600 ብር ነው፤ የስምንት ወር የባንክ ክፍያ ያህል ማለት ነው። የስድስት ወሩን ክፍያና የወር ወጪ ብቻ ይዘው ቢሆን ኖሮ 123,000 ብር ነበር። ከሁለቱ ትልቁን ይውሰዱ።

ባለቤቶቹ በተጨማሪ ራሳቸውን ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ፦ የእኛ ገቢ እና የተከራያችን ገቢ በአንድ ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል? በጀልባ፣ በአስጎብኚነት ወይም በሆቴል ሥራ የሚተዳደር ሰው ቤቱን ለሆቴል ሠራተኞች ካከራየ አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላውም ይቀዘቅዛል። እንዲህ ያለ ሰው ከላይ በወጣው ስሌት ላይ ቢያንስ ሦስት ወር ይጨምር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተፈጠረው ግጭት የቱሪስት እንቅስቃሴው ሲዳከም በዚህች ከተማ የተማሪና የእንግዳ ገቢ ምን ያህል በአንድ ጀምበር እንደሚቀየር ታይቷል። ሁለት ወር ባዶ መሆን የተለመደው ዓመት ነው፤ መጠባበቂያ የሚያዘው ላልተለመደው ነው።

4. ገንዘቡን ከግንባታው በፊት ያስቀምጡ

በእጅዎ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ይደምሩ። ከላዩ ላይ መጀመሪያ መጠባበቂያውን ይቀንሱ። ቤት የሚገዙ ከሆነ ቀጥለው የቴምብር ቀረጡን፣ የስም ማዛወሪያውን፣ የደላላውንና የባንኩን የግምት ክፍያ ይቀንሱ። በሕጉ በሻጭ ላይ ያረፈው ግብር በድርድር ወደ ገዢ የሚገፋበት ጊዜ ስላለ ማን እንደሚከፍል በግልጽ ይነጋገሩ። የሚቀረው ነው ቅድሚያ ክፍያዎ ወይም የግንባታ ድርሻዎ። በዚያ የማይደርሱበት ቤት ከሆነ ለጊዜው የእርስዎ አይደለም።

ብድሩን ለማሳነስ ያለውን ሁሉ ቅድሚያ መክፈል ብልህነት የሚመስላቸው አሉ። ወለድ እንደሚቀንስ እውነት ነው። ነገር ግን ለባንኩ የከፈሉትን ገንዘብ በክረምት መልሰው ማውጣት አይችሉም፤ አዲስ ብድር ለመጠየቅ እንደገና ግምት፣ እንደገና ወረፋ አለ። እኔ ብሆን ትንሽ ተጨማሪ ወለድ ከፍዬ መጠባበቂያዬን በእጄ አቆያለሁ።

የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ግንባታ ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ እንደሚወስድ ይወቁ። ሰቆች፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃዎችና የኤሌክትሪክ ገመዶች ባብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ወይም በውጭ ጥሬ ዕቃ የሚሠሩ ናቸው፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋቸው ምን ያህል እንደሄደ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ ጭማሪ የተለየ ገንዘብ ይያዙ። ካለቀ ሦስተኛው ሰርቪስ ሳይለሰን ለከርሞ ይቆይ እንጂ መጠባበቂያው አይነካ።

5. ከመፈረምዎ በፊት ባንኩን የሚጠይቁት

የብድር መኮንኑ ፊት ተቀምጠው ስለ ወለዱ ብቻ ጠይቀው አይነሡ። በመጀመሪያ ወለዱ ሊቀየር የሚችለው መቼና በምን ማሳወቂያ እንደሆነ በውሉ ላይ ያሳዩኝ ይበሉ። ባንኮች ብዙ ጊዜ የመቀየር መብቱን በውሉ ያስጠብቃሉ። ሁለተኛ፣ የእፎይታ ጊዜ ካለ በዚያ ጊዜ የሚታሰበው ወለድ የት እንደሚደመር ይጠይቁ፤ እፎይታ ማለት ወለድ ቆመ ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ የመክፈያው ቀን ከኪራይ መቀበያዎ ቀን በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ዘግይቶ እንዲሆን ይጠይቁ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ከጠየቁ ግን የሚሰማዎት ቅርንጫፍ አይጠፋም።

ሕጉንም ይወቁት። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ጤናማ ካልሆኑት ብድሮች ጋር ይመደባል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ደግሞ ባንክ የያዘውን መያዣ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያለ ፍርድ ቤት ክርክር በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ከላይ ያሰላነው የስምንት ወር ገንዘብ ይህ ቀን እንዳይደርስ የሚገዛ ጊዜ ነው።

6. የተከራይን ቅድሚያ እንደ መጠባበቂያ አይቁጠሩ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዝዛል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሚጸና የባሕር ዳርን አፈጻጸም ከከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። የሕጉ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ተከራይ አስቀድሞ የሰጠው የሁለት ወር ገንዘብ የመጪው ሁለት ወር ገቢ ነው። ዛሬ ቢያጠፉት ነገ የሚመጣ ኪራይ የለም።

7. የት ይቀመጥ?

መጠባበቂያውን በሦስት ይክፈሉት።

የአንድ ወር የባንክ ክፍያ ያህሉ በቀላሉ በሚገኝበት ይሁን። በክልሉ ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበትን፣ ቅርንጫፎችም ለቀናት የተዘጉበትን ጊዜ ያየ ሰው ሁሉንም በስልክ ባንክ ላይ ብቻ አያምንም። ቢሆንም ብዙ ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ሌላ አደጋ ነው፤ ለትንሽ ጥገና የሚበቃ ይብቃ።

ትልቁ ክፍል በቁጠባ ሒሳብ ይሁን፤ ብድሩን በሰጠዎት ባንክ ግን አይሁን። የብድር ውሎች ብዙ ጊዜ ባንኩ ያለፈ ክፍያን በስምዎ ካለ ሌላ ሒሳብ እንዲቀንስ ይፈቅዱለታል። የብድር ክፍያ በዘገየበት ወር ለጣሪያው ያሰቡት ገንዘብ ሳይነገርዎት ሊሄድ ይችላል። በባሕር ዳር አማራጩ ብዙ ነው፤ ከአብቁተ (ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ወደ ባንክነት ያደገው ፀደይ፣ ዓባይ፣ ንግድ ባንክና ሌሎችም ቅርንጫፍ አላቸው። ሒሳቡ በባልና ሚስት ጥምር ፊርማ ቢሆን እመርጣለሁ። አንድ ዘመድ በችግር ሲመጣ «ሁለታችን ተነጋግረን» ማለት ይቻላል። ዘመድን መርዳት ተገቢ ነው፤ ለዚያም ከዓመቱ ገቢ ጥቂት ለይቶ መያዝ እንጂ የቤቱን መጠባበቂያ ማበደር አይገባም። ያበደሩትን በነሐሴ ዝናብ መጠየቅ ወዳጅነትንም ያበላሻል።

የቁጠባ ወለድ ዋጋ ንረቱን እንደማይካካስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ክፍል፣ የጥገናውን ገንዘብ የተወሰነ ድርሻ፣ በዕቃ መያዝ ይቻላል፦ ከጣሪያዎ ጋር አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው ጥቂት ቆርቆሮዎች፣ ባለ ጎማ የጣሪያ ምስማር፣ የሮቶው ተንሳፋፊ፣ የቧንቧ መጋጠሚያዎች። ሲሚንቶ ግን አያከማቹ። በሐይቁ ዳር እርጥበት ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ መጠጠር ይጀምራል፤ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሲሚንቶ ጥንካሬውን ያጣል።

እቁብስ? እቁብ መጠባበቂያ ለማጠራቀም ጥሩ ነው፤ በተለይ ገንዘብ በእጁ የማይቆይለትን ሰው ያግዘዋል። ነገር ግን ዕጣው የሚወጣልዎት ጣሪያው በሚያፈስበት ሳምንት ስላልሆነ ራሱ መጠባበቂያ አይሆንም። ሲወጣልዎት በዚያው ቀን ወደ ቁጠባው ያስገቡት።

8. በግንቦት ጣሪያ ላይ ይውጡ

መጠባበቂያን ከሚቆጥቡ ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። የባሕር ዳር ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ይብሳሉ። ስለዚህ ግንቦት ሳያልቅ፣ ጠዋት ቆርቆሮው ሳይግል፣ ሠራተኛ ይዘው ይውጡ። ሰው የሚቆመው የምስማር መስመር ባለበት፣ ከሥሩ እንጨት ባለበት ነው። የምስማሩን ራስ አንድ በአንድ ይዩ። ዙሪያው ቡናማ ቀለበት ከሠራ ዝገቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የምስማሩ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ውሃው በዚያ ይገባል። የላላውን ምስማር ነቅለው በወፍራሙ ይተኩ። አሸንዳውን በእጅዎ ይጥረጉ፤ ቅጠልና የወፍ ጎጆ የዘጋው አሸንዳ ውሃውን ወደ ኮርኒስ ይመልሰዋል። ከዚያ ወርደው ኮርኒሱን ከውስጥ ይመልከቱ። ክብ ቡናማ ምልክት ካለ የአምና ፍሳሽ ነው፤ ከላዩ ያለውን ቦታ ለክተው እንደገና ይውጡ። የጥቂት ምስማሮች ወጪ ያንን 70,000 ብር ሊያስቀር ይችላል።

ግድግዳውንም ይዩ። በከተማዋ ብዙ ቦታ ያለው ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ቤቱንም ያንቀሳቅሰዋል። ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ካዩ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉ። ከክረምት በኋላ ምልክቱን ካለፈ ልሰን መደለል ዋጋ የለውም፤ ባለሙያ ይጥሩ፣ መጠባበቂያውንም በዚያው ልክ ያሳድጉ። የጣሪያው ውሃ ከመሠረቱ ርቆ እንዲወርድ ማድረግ ብቻውን ብዙ ይረዳል።

ለሐይቁ በቀረቡ ሰፈሮች ደግሞ የፍሳሽ ጉድጓዱን ከሰኔ በፊት ያስመጥጡ። የጣና ውሃ ከፍ የሚለው በክረምቱ ማብቂያ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በዚያን ጊዜ የከርሰ ምድር ውሃውም ስለሚነሣ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፤ መጣጭ መኪና የሚፈልገውም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሆናል።

9. የሚነካበትና የሚተካበት ደንብ

ይህን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። መጠባበቂያው የሚወጣው ክፍል ባዶ ሲሆን ለባንክ ክፍያ፣ ካልተጠገነ ተከራይን ለሚያስለቅቅ ወይም ቤቱን ለሚጎዳ ብልሽት፣ እና ወለድ ሲጨምር ነው። ለሠርግ፣ ለአዲስ ቀለም፣ ርካሽ ነው ለተባለ ቦታ ቀብድ አይወጣም።

ከወጣ በኋላ እስኪተካ ድረስ ሌላ ወጪ አይቀድመውም። በእኛ ምሳሌ ከኪራዩ ትርፍ ስለሌለ መምህራኑ ከደመወዛቸው በወር 5,000 ብር ቢመድቡ 60,000 ብር ለመመለስ አንድ ዓመት ይፈጅባቸዋል። ይህ ረጅም ነው፤ ማወቁ ግን ሁለተኛ ብድር ከመውሰድ ይገታል። ሁለተኛ ቤት የሚያስቡ ከሆነ የመጀመሪያው ቤት መጠባበቂያ ሙሉ፣ የሁለተኛውም ከነስሌቱ የተዘጋጀ መሆን አለበት። አንዱን መጠባበቂያ ለሁለት ቤት መቁጠር አይቻልም፤ ዝናቡ በሁለቱም ላይ በአንድ ቀን ነው የሚወርደው።

በየዓመቱ መስከረም ላይ የሠራተኛ ዋጋን፣ የቆርቆሮን ዋጋና የወለዱን መጠን ጠይቀው ስሌቱን እንደገና ይሥሩት። አምና 70,000 ብር የበቃው ጥገና ዘንድሮ ላይበቃው ይችላል።

10. ቢመናመንስ?

መጠባበቂያው ወደ ሁለት ወር ክፍያ ከወረደና ክፍሎቹ አሁንም ባዶ ከሆኑ እስኪያልቅ አይጠብቁ። መጀመሪያ ኪራዩን ቀንሰው ተከራይ ያስገቡ፤ በ3,500 ብር ባዶ ከሚቆይ ክፍል በ2,800 ብር የተያዘ ይሻላል። አሁንም ካልሆነ፣ አንድም ክፍያ ሳይዘገይ፣ ወደ ባንኩ ሥራ አስኪያጅ ይሂዱ። የኪራይ ውሎችዎን፣ የባንክ ደረሰኞችዎን፣ የጥገና ወጪ ደረሰኞችንና ይህን ደብተር ይዘው ይግቡ። የመክፈያው ጊዜ እንዲራዘምልዎ ወይም ክፍያው ለተወሰነ ጊዜ እንዲቀንስልዎ የሚጠይቅ ማመልከቻ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቀሪውን ቅጂ ማኅተም አስመትተው ይያዙ። ቃል ብቻ ይዘው አይውጡ። እስካሁን በቀኑ የከፈለ፣ ሁለት ወርም የሚያስኬደው ገንዘብ በእጁ ያለ ተበዳሪ የሚደራደርበት ነገር አለው። 90 ቀን ያለፈው ሰው ግን ስሙ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ውስጥ ስለሚታይ ወደ ሌላ ባንክ ቢሄድም ታሪኩ ይቀድመዋል። የማመልከቻው መልስ እስኪመጣ ድረስ የሁለቱን ወር ክፍያ በቀኑ ይክፈሉ።